የሰው ዜማ በሌላ ሰው ድምፅ፤ ስለ ጃፓን የዳንስ ስብስብ አልበሞች

ከመካከላችን አንዳንዶቻችን አዲስ የወጣ የጃፓን የዳንስ አልበም አገኘን ብለን በደስታ ስንነጋገር፣ በአጠገባችን የተቀመጠ ጓደኛ አንድ ሁለት ዘፈን ካዳመጠ በኋላ «ይህማ የሌላ ሰው ዘፈን ነው፤ እናንተ የምትከታተሉት ኮፒ ነው» ብሎ ይፈርድብናል። ፍርዱ በከፊል እውነት ነው። በአልበሙ ላይ ያሉት ሃያ ዘፈኖች ሃያውም አስቀድመው በሌሎች ሰዎች ተዘፍነው የታወቁ ናቸው፤ አሁን በአዲስ ድምፅ፣ በአዲስ ቅንብርና በፈጠነ ምት ተደግመው ቀርበዋል። እንዲህ ያለውን ድጋሚ ፈረንጆቹ «ካቨር» ይሉታል፤ ጃፓኖችም ቃሉን በአፋቸው ልክ አድርገው «ካባ» ብለውታል። በእኛ ቋንቋ ካባ በልብስ ላይ የሚደረብ የክብር ልብስ ስለሆነ አጋጣሚው የሚያስከፋ አይደለም። «ኮፒ» የሚለው ቃል ግን ነገሩን ከመግለጽ ይልቅ ይሸፍነዋልና፣ እነዚህ አልበሞች ለምን እንደተፈጠሩ፣ እንዴት እንደሚሠሩና የሚከታተላቸው ሰው ምን እንደሚፈልግባቸው ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመተ ምሕረት ካላልን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያደናግሩትን መለየት ይገባል። አንዱ ዓይነት ስብስብ ዋናዎቹን ቅጂዎች ከየኩባንያው አስፈቅዶና ከፍሎ በአንድ ላይ ያደረገ ነው። ሌላው የዋናውን ዘፋኝ ድምፅ እንዳለ ይዞ ከሥሩ ያለውን ሙዚቃ ብቻ የለወጠ ሲሆን ይህ «ሪሚክስ» ይባላል። ለምሳሌ በ2000 አቬክስ የተባለው ኩባንያ የሐማሳኪ አዩሚን ዘፈኖች በዩሮቢት ስልት አሠርቶ «አዩሮ ሚክስ» በሚል ስም ሲያወጣ፣ ድምፁ የራሷ የአዩሚ ነበር፤ የተለወጠው ከበሮውና ሲንተሳይዘሩ ነው። የእኛ ጉዳይ የሆነው ዓይነት ግን ከዋናው ቅጂ አንዲት ድምፅ እንኳ አይወስድም። ዜማውንና ግጥሙን ብቻ ይወስድና ሁሉንም ነገር ከመሠረቱ ይሠራዋል። ሻጩ ይህን ልዩነት ጮክ ብሎ አይናገርም። የዘፈኖቹ ስም በሽፋኑ ላይ በትልቅ ፊደል ይጻፋል፤ «ካባ» የምትለው ቃል በትንሽ ፊደል ከጥግ ትቀመጣለች። ስለዚህ መከታተል ከማዳመጥ በፊት በማንበብ ይጀምራል።

ይህ ዓይነት አልበም እንዲኖር ያደረገው የጥበብ ፍላጎት ብቻ ሳይሆን ሕግም ጭምር ነው። በአንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት ንብረት አለ። አንዱ የዜማና የግጥም ደራሲው ሥራ ነው፤ ይህ በወረቀት ላይ ሊጻፍ የሚችለው ነው። ሁለተኛው በስቱዲዮ የተቀረጸው ድምፅ ነው፤ ጃፓኖች የዚህን መብት «ጌምባንኬን» ይሉታል፤ የዋናው ቅጂ መብት ማለት ነው። በእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ድምፁን ከቀረጸው ሰው መብት ለይቶ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ነገሩ ለሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን አዲስ አይሆንም። የተቀረጸውን ድምፅ ለመጠቀም የቀረጸው ኩባንያ እሺ ማለት አለበት። ኩባንያውም ተፎካካሪ ነውና እምቢ ሊል፣ ወይም የማይቻል ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። ዜማውን በአዲስ ድምፅ ለመዝፈን ግን ያን ኩባንያ መለመን አያስፈልግም። በ1939 የተቋቋመው ጃስራክ የተባለው የደራስያን መብት ማኅበር በዝርዝሩ ውስጥ ለያዛቸው ሥራዎች በታወቀ ታሪፍ ፈቃድ ይሰጣል።

ታሪፉን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ለሲዲ የሚከፈለው ከግብር በፊት ካለው የመሸጫ ዋጋ 6 በመቶ ያህል ሆኖ ለዘፈኖቹ ይከፋፈላል። 3,000 የን የሚሸጥና ሃያ ዘፈን ያለው አልበም ቢሆን ለሁሉም 180 የን፣ ለአንዱ ዘፈን 9 የን ማለት ነው። ሃያ ኩባንያዎችን ለየብቻ ከመለመን ይልቅ አንዲት ጎበዝ ዘፋኝና አንድ አቀናባሪ ቀጥሮ ሃያውንም እንደገና ማሠራት ለአሳታሚው ለምን እንደሚቀለው ከዚህ ይታያል። «ርካሽ ነገር ነው» የሚሉን ጓደኞቻችን ስለ ገንዘቡ ከሆነ የሚናገሩት ልክ ናቸው።

ይሁን እንጂ የጃስራክ ፈቃድ ሁሉን በር አይከፍትም። ዜማን መቅዳት አንድ ነገር ነው፤ ቅንብሩን መለወጥ ሌላ። የመለወጥ ፈቃድ በደራሲው ወይም በአሳታሚው እጅ ይቀራል። በ2004 ፔዝ የተባለው የጃፓን የጃዝ ባንድ በትምህርት ቤቶች በኅብረት የሚዘመረውን «ዳይቺ ሳንሾ» የተባለ መዝሙር በጃዝ አቀናብሮ አወጣ። የዜማው ደራሲ ሥራዬ ያለ ፈቃዴ ተለወጠ ብሎ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ኩባንያውም ሽያጩን አቆመ። ይህ የዳንስ ሙዚቃ አይደለም፤ ነገር ግን በየዳንስ አልበሙ ጀርባ የሚያንዣብብ ጥያቄ ነው። ከአንድ ተወዳጅ ተከታታይ አዲስ ቅጽ ሲወጣ እንዲኖርበት የምንጠብቀው ዘፈን ከጠፋ፣ አሳታሚው ረስቶት ነው ብለን አንቸኩልም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው መጽሐፍ ከጻፉ ወዲህ፣ ጃፓን የውጭውን ነገር ወስዳ የራሷ ስለማድረጓ በአገራችን ሳይወሳ የቀረበት ጊዜ የለም። ስለ መርከቧና ስለ ፋብሪካዋ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ዳንሷ ግን ብዙ የተባለ አይመስለንም።

በ1979 ሳይጆ ሂዴኪ የተባለው ዘፋኝ የአሜሪካኖቹን የቪሌጅ ፒፕልን «ዋይ ኤም ሲ ኤ» በጃፓንኛ ግጥም «ያንግ ማን» ብሎ ዘፈነው፤ አገሩ ሁሉ ፊደሎቹን በእጁ እየሠራ ጨፈረ። በ1985 ኦጊኖሜ ዮኮ የእንግሊዛዊቷን የአንጂ ጎልድን «ኢት ዩ አፕ» ወስዳ «ዳንሲንግ ሂሮ» አደረገችው። በ1986 ኢሺ አኬሚ «ቻ ቻ ቻ» የተባለ የኢጣልያ የዳንስ ዘፈን በጃፓንኛ አወጣች፤ ይህም በዚያ ዓመት በአገሩ ከሁሉ በላይ የተሸጠ ነጠላ ዘፈን ሆነ። በ1988 ደግሞ ዊንክ የተባሉት ሁለት ወጣቶች የካይሊ ሚኖግን አንድ ዘፈን በራሳቸው ቋንቋ ዘፍነው ታወቁ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የጃፓንኛው ግጥም የፈረንጁ ትርጉም አለመሆኑ ነው። ግጥም ጻፊው ዜማውን እንደ ባዶ ቤት ይቀበልና የራሱን ሰዎች ያስገባበታል። በዜማ ላይ ቃል መግጠም የሚያውቅ ማንም ኢትዮጵያዊ ይህ ቀላል ሥራ አለመሆኑን ይረዳል።

ይህ ሁሉ በነጠላ ዘፈኖች ነው። ስብስቡን እንደ ንግድ ያሳደገው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የሸክላ ኪራይ። በ1980 በቶኪዮ ሚታካ በተባለ ሠፈር ሬይኮዶ የተባለ ሱቅ ተከፍቶ ሸክላን በጥቂት ገንዘብ ማከራየት ጀመረ፤ የከፈተውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። (ተማሪ ገንዘብ ሲያጥረው ብልሃቱ ይበዛል።) ሱቆቹ ፈጥነው በመላው አገር ተስፋፉ፤ ኩባንያዎቹ ጮኹ፤ በ1984 የቅጂ መብት ሕጉ ተሻሽሎ የማከራየት መብት ተጻፈበት። የሚከራይ ሰው ለአንድ ቀን በሚከፍለው ገንዘብ ብዙ ዘፈን ወደ ካሴት ለመገልበጥ ይፈልጋልና፣ ከአንድ ዘፋኝ አልበም ይልቅ ሃያ የዳንስ ዘፈኖችን የያዘ ስብስብ ይመርጣል።

በተማሪነቱ በእንዲህ ያለ የኪራይ ሱቅ ይሠራ የነበረው ማትሱራ ማሳቶ ይህን ከማንም ቀድሞ አየ። በ1988 ከጓደኞቹ ጋር በማቺዳ ከተማ አቬክስን አቋቋመ፤ የመጀመሪያ ሥራቸው ከውጭ የሚመጡ የዳንስ ሲዲዎችን ለኪራይ ሱቆች ማከፋፈል ነበር። በ1990 የተጀመረውና ብዙም ሳይቆይ በአቬክስ እጅ የገባው «ሱፐር ዩሮቢት» የተባለው ተከታታይ በ2018 250ኛው ቅጽ ላይ ደረሰ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ማለት ነው። ዩሮቢት ስሙ አውሮፓ ይላል እንጂ በአውሮፓ ዳንስ ቤቶች ፋሽኑ ካለፈበት ብዙ ጊዜው ነው። በሰሜን ኢጣልያ፣ በማንቶቫና በብሬሻ አካባቢ ያሉ ስቱዲዮዎች ለጃፓን ገበያ ሲሉ ያመርቱት ነበር። ዜማው በኢጣልያኖች ይደረሳል፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ አዳማጩ ጃፓናዊ ነው። ከሦስቱ አንዱም የእንግሊዝኛውን ሰዋስው ለመመርመር የቸኮለ አይመስልም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው እኛን የሳበን። ኢጣልያኖቹ ለጃፓን የላኩትን ዘፈን ጃፓኖቹ ራሳቸው መልሰው ይዘፍኑታል። በጥር 1995 አሙሮ ናሚዬ ያወጣችውና ስሟን ያስጠራው «ትራይ ሚ» ቀድሞ ሎሊታ በሚል ስም ከኢጣልያ የመጣ ዘፈን ነበር። የእርሷ ጓደኞች የነበሩት አራቱ የማክስ ቡድን ልጃገረዶች በዚያው ዓመት በመጀመሪያ ያወጡት ዘፈን ዊግፊልድ በሚል ስም ከኢጣልያ የወጣው «ሳተርዴይ ናይት» ድጋሚ ነው። የጃፓንኛው ርዕስ ግን «ቬልፋሬ» የሚል ቃል ጨምሮበታል። ቬልፋሬ ማለት አቬክስ በታኅሣሥ 1994 በሮፖንጊ የከፈተው ትልቅ ዳንስ ቤት ነው። ሸክላውም የእርሱ፣ ዳንስ ቤቱም የእርሱ፣ ዘፈኑም የዳንስ ቤቱ ማስታወቂያ! እንዲህ ያለውን ንግድ ስናይ የምንስቀው ግማሹን በአድናቆት ነው። በ1996 ደግሞ ማክስ «ቶራ ቶራ ቶራ» የሚለውን ዘፈን አወጡ፤ ይህንም ቀድማ የዘፈነችው ዶሚኖ የተባለች ኢጣልያዊት ናት። ኢጣልያኖች ጃፓኖችን ለማስደሰት ሲሉ የጃፓንኛ ቃል ርዕስ ያደረጉበትን ዘፈን ጃፓኖች መልሰው በጃፓንኛ ዘፈኑት ማለት ነው። ከዚህ በኋላ «ዋናው የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጓደኛ ቢኖር መልሱን ለእርሱ እንተውለታለን።

አሁን ስለ ዳንሱ ራሱ እንናገር፤ ያለ ዳንሱ አልበሞቹ አይገቡምና። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጃፓን ዳንስ ቤቶች «ፓራፓራ» የሚባል ጭፈራ በየጊዜው እየተነሣና እየወደቀ ኖሯል፤ ከ1999 እስከ 2001 የነበረው ማዕበሉ በተለይ ትልቅ ነበር። ጨፋሪዎቹ በረድፍ ቆመው ወደ አንድ ፊት ይመለከታሉ። እግራቸው ከግራ ወደ ቀኝ ከመርገጥ በቀር ብዙ አይሠራም፤ ሥራው ሁሉ የእጅ ነው። ለእያንዳንዱ ዘፈን አስቀድሞ የተወሰነ የእጅ እንቅስቃሴ አለ፤ ያንን ከቪዲዮ አጥንቶ የማያውቅ ሰው በረድፉ ውስጥ ወዲያው ይታወቃል። የእስክስታ ትከሻ በጨፋሪው ስሜት ሊጨምርና ሊቀንስ ይችላል፤ ፓራፓራ ግን እንደ ቅዳሴ ዜማ ሥርዓቱ የተጻፈ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለካቨር ሠሪው ከባድ ነው። የዩሮቢት ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ በሲንተሳይዘር በሚመታ ጠንካራ የመክፈቻ ዜማ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ግጥሙ፣ መሸጋገሪያው፣ አዝማቹ ይመጣል፤ ከዚያ ያው የመክፈቻ ዜማ ይመለሳል። የእጁ እንቅስቃሴ በእነዚህ ክፍሎች ላይ የተሰፋ ነው። ድጋሚ የሠራው ሰው ከመሸጋገሪያው አራት ምት ቢቆርጥ ወይም አዝማቹን አንድ ጊዜ ቢጨምር፣ አዳማጩ ላያውቅ ይችላል፤ ረድፉ ግን ይፈርሳል። ስለዚህ በቤት ውስጥ ለማዳመጥ ግሩም የሆነ ካቨር ለጨፋሪ ዋጋ የሌለው ሊሆን ይችላል፤ በተቃራኒው ደግሞ ድምፁ ቀጭን፣ ሲንተሳይዘሩም ርካሽ የሆነ ሥራ ልኩን ስለጠበቀ ብቻ ይወደዳል። ይህን ሳያውቁ የሚሰጡ ፍርዶችን ብዙ ጊዜ ሰምተናል።

ፍጥነትም የራሱ ጉዳይ አለው። ዩሮቢት በደቂቃ ከ150 እስከ 160 ምት ያህል ይሮጣል። የድሮው ቴፕ ሲፈጥን ድምፁም አብሮ ይቀጥናል፤ ሰውየው እንደ ሕፃን ይሆናል። ዛሬ ኮምፒዩተር ቃናውን ሳይለውጥ ያፈጥነዋል፤ ሆኖም ለ120 ምት የተዘፈነ ድምፅ በግድ ወደ 160 ሲገፋ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ጆሮ ይይዘዋል። ካቨር እዚህ ላይ ከሪሚክስ ይበልጣል። ዘፋኟ ከመጀመሪያው በፈጠነው ምት ላይ ቆማ ስለምትዘፍን ትንፋሿን በዚያ ልክ ትከፍላለች፤ ለድምፅዋ የሚስማማውን ቃናም መምረጥ ይቻላል። አንዱን ዘፈን ከሌላው ጋር ሳያቋርጡ የሚያያይዙትን አልበሞች ለሚሠራ ሰውም ይህ ትልቅ ነፃነት ነው፤ የቀዳሚውን መጨረሻና የተከታዩን መጀመሪያ በምትም በቃናም እንዲገጥሙ አድርጎ ማሠራት ይችላልና።

ካቨሩ ከዳንስ ቤት ወጥቶ ወደ መጫወቻ አዳራሽ የገባበትም ጊዜ አለ። በ1998 ኮናሚ «ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን» የተባለውን በእግር የሚረገጥ ጨዋታ ሲያወጣ፣ ከዘፈኖቹ ብዙዎቹን የወሰደው ቶሺባ ኢ.ኤም.አይ. ያሳትመው ከነበረው «ዳንስማኒያ» ከተባለ ተከታታይ ነበር። ከእነዚያ መካከል ኦሊቪያ ኒውተን ጆን በ1975 ያወጣችው ለስላሳ ዘፈን ዳንስ ሆኖ ይገኛል። የዘፋኙ ስም «ዘ ኦሊቪያ ፕሮጀክት» ተብሎ ተጽፏል። የዋናዋ ዘፋኝ ስም አለ፤ በእውነት የዘፈነችው ሴት ስም ግን የለም። በ2000ዎቹ የካርቱን ፊልም ዘፈኖችን በትራንስ ስልት የሚደግሙት የ«ኤግዚት ትራንስ» አልበሞች ሲበዙም ሽፋኑ ላይ የሚታየው የፊልሙ ስምና የተሳለች ልጅ ናት። ከሁሉ ረጋ ያለውና እኛም ለጀማሪ የምንመክረው በ2008 የሳፖሮው ዲጄ ዳይሺ ዳንስ ያወጣው የጂብሊ ፊልሞች ዘፈኖች ስብስብ ነው። እርሱ አይቸኩልም፤ ፒያኖና ቫዮሊን ይጠቀማል፤ የዘፋኞቹንም ስም ይጽፋል።

ስለ ስም ይህን ያህል ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከእነዚህ አልበሞች ጋር ያለን እውነተኛ ጠብ በድጋሚነታቸው ሳይሆን በዚህ ላይ ነው። በዩሮቢት ዓለም አንድ ሰው ብዙ ስም ነበረው። ዴቭ ሮጀርስ የተባለው የማንቶቫ ሰው ጃንካርሎ ፓስኩዊኒ ነው፤ ዶሚኖ ያልናት አሌሳንድራ ሚርካ ጋቲ ናት። በአገሯ የታዋቂው የሮክ ዘፋኝ የቫስኮ ሮሲ ተቀባይ ሆና የምትታወቀው ክላራ ሞሮኒ በጃፓን አልበሞች ላይ በብዙ የተለያዩ የመድረክ ስሞች ስትዘፍን ኖራለች። ለኩባንያው ይህ ይጠቅማል፤ ስሙ የኩባንያው ስለሆነ ዘፋኟ ብትሄድ ሌላ ሴት በዚያው ስም ልትዘፍን ትችላለች። ጆን ወይም ሊንዳ የሚል ስም ያለበትን ሲዲ የገዛ ሰው ግን ማንን እንደወደደ አያውቅም። የጃፓን ካቨር አልበሞች ይህንኑ ልማድ ወርሰዋል። ሃያውንም ዘፈን አንዲት ሴት በጥቂት ቀናት ውስጥ ዘፍናቸው፣ በሽፋኑ ላይ አምስት የተለያየ የፕሮጀክት ስም ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ ተከታታዩ ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው? በጃፓን አዲስ አልበም በልማድ የሚወጣው ረቡዕ ነው። በሲዲው ግራ ጎን ላይ «ኦቢ» የምትባል የወረቀት ጥብጣብ አለች፤ ትርጉሟ መቀነት ነው። ዋጋው፣ የመለያ ቁጥሩና የማሞገሻው ቃል በእርሷ ላይ ይጻፋል። ዋጋው በሁሉም ሱቅ አንድ ነው፤ ከ1953 ጀምሮ የአገሩ ሕግ አሳታሚው የሸክላን መሸጫ ዋጋ እንዲወስን ይፈቅዳልና። የመለያ ቁጥሩ ከዋጋው ይልቅ ይናገራል፤ የአቬክስ ሲዲዎች «ኤ.ቪ.ሲ.ዲ.» በሚሉ ፊደሎች ስለሚጀምሩ፣ ቁጥሩን በተራ የሚከተል ሰው የትኛው ቅጽ የየትኛው ተከታታይ እንደሆነና የቱ እንዳመለጠው ያውቃል። ከዚያ ውስጡ ያለችው ትንሽ መጽሐፍ ትገለጣለች። የዜማ ደራሲው ስም ሁልጊዜ አለ፤ ጃስራክ ይጠይቃላ። የአቀናባሪው ስም ብዙ ጊዜ አለ። የዘፋኟ ስም አንዳንድ ጊዜ በተቀባዮች ዝርዝር ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። የማይገኝ ከሆነ ጆሮ ይፈርዳል፤ «ር» እና «ል» አነጋገሯን፣ በአዝማቹ መጨረሻ ድምፅዋን እንዴት እንደምትጥል፣ ትንፋሿን የት እንደምትወስድ ካለፈው ቅጽ ጋር ማስተያየት ነው። የጥንት ብራና ጸሐፊን በእጅ ጽሑፉ ለይተው የሚያውቁ መምህራን አሉን፤ ይህም ከዚያ ሩቅ ያልሆነ ጥበብ ነው፤ ደመወዝ ባይኖረውም።

ዘፈን በብዙ አፍ ባለፈ ቁጥር የሚከሳ የሚመስለው ሰው ካለ ወደ ሁለት ነገሮች እንምራው። በሐምሌና በነሐሴ ጃፓኖች የሙታን ቀደምቶቻቸውን ነፍስ የሚቀበሉበት ቦን የሚባል በዓል አላቸው። በአደባባይ መካከል የእንጨት ማማ ይሠራና ሽማግሌው፣ እናቲቱ፣ ሕፃኑ ሁሉ በክብ እየዞሩ ይጨፍራሉ። በአይቺና በጊፉ አውራጃዎች ከድሮ ዜማዎች ጋር በዚያ ክብ ውስጥ የሚጨፈርበት አንዱ ዘፈን ያ ከእንግሊዝ አገር የመጣው የኦጊኖሜ «ዳንሲንግ ሂሮ» ነው። በ2017 ደግሞ በኦሳካ የቶሚዮካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎች የ1980ዎቹን ሰፊ ትከሻ ያለው ኮት ለብሰው በዚሁ ዘፈን ጨፈሩ፤ በአገር አቀፉ የትምህርት ቤቶች የዳንስ ውድድር ሁለተኛ ወጡ፤ ዘፈኑም ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሽያጭ ሰንጠረዥ ተመለሰ። ተማሪዎቹ ሲወለዱ ዘፈኑ አሥራ አምስት ዓመት ያህል አልፎት ነበር።

በቀጣዩ ዓመት በሰኔ ዳ ፓምፕ የተባለው የወንዶች ቡድን «ዩ.ኤስ.ኤ.» የሚል ዘፈን አወጣ። ይህም በ1992 ጆ ዬሎ በሚል ስም ከኢጣልያ የመጣ የዩሮቢት ዘፈን ድጋሚ ነው። ቡድኑ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ በላይ አዲስ ነጠላ ዘፈን ሳያወጣ ቆይቶ ነበር፤ በ1997 ከጀመሩት አባሎቹም የቀረው ኢሳ ብቻ ነበር። ሽፋኑ ሲታይ ብዙ ሰው ሳቀ፤ ያረጀ ነገር ነው ተባለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሕፃናት በየትምህርት ቤቱ ግቢ አውራ ጣታቸውን ቀስረው በአንድ እግር እየዘለሉ ይጨፍሩበት ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻም ቡድኑ በብሔራዊው የአዲስ ዓመት ዋዜማ የዘፈን ዝግጅት ላይ ቆመ። «ጆ ዬሎ» የሚለው ስም እንደገና በየጋዜጣው ተጠቀሰ። እኛ ግን ይህ ሲሆን የቀድሞውን ቅጂ አውጥተን አዳመጥን፤ ከዚያም ስሙን ትተን ድምፁን፣ «ር» እና «ል» አነጋገሩን፣ ትንፋሹ የት እንደሚያልቅ መፈለግ ጀመርን።